ከወንዙ ዳር ያልኩት አፈር

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ነገር ጫማ ማጠብ ነበር። ከጌዶ በላይ ካለው የጥድና የዝግባ ጫካ ወርደን፣ ሣር ላይ አስቀመጠኝና በጄሪካን የያዘውን በረኪና የገባበት ውኃ እያፈሰሰ የጫማዬን ሶል በብሩሽ ፈገፈገ። ደክሞኝ ነበር፤ ጸሎተ ሐሙስ ነው እንዴ ብዬ አሾፍኩበት። ቀና ሳይል፣ «ባርሲስቱ፣ ከጴጥሮስ ወዲህ እንዳንቺ የተከራከረ የለም» አለኝ። ባርሲስቱ በአፋን ኦሮሞ አስተማሪዋ ማለት ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ ሌላ መጠሪያ አልነበረኝም። በሳምንቱ ቢሮው ውስጥ ወደቀ። አምቦ ሆስፒታል ስንደርስ አልፎ ነበር።

የደን ባለሙያ ነበር። ጫማ ማጠቡን ያመጣው ጫካው ውስጥ ዛፎች ክብ እየሠሩ መድረቅ ስለጀመሩ ነው። አንድ ቀን ከደረቀ ጥድ ግርጌ ልጡን በቢላዋ ፈልቅቆ አሳየኝ። እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳ ነጭ ነገር ከእንጨቱ ላይ ተለጥፏል፤ እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል። በሽታው በአፈር እንደሚሄድ፣ ቅጠሉ ቢጫ ከመሆኑ በፊት ሥሩ ቀድሞ እንደሚበላ ነገረኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው በጋ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ አፍልተን ነበር፤ መሪዋ እኔ ነበርኩ። ፕላስቲኩ ውስጥ የሚሞላው ድብልቅ የታወቀ ነው፤ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የጫካ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ። ጥቁርና ለስላሳ የጫካ አፈር ፍለጋ ወጥቼ ያገኘሁት ከደረቁት ዛፎች ሥር ነው። እንደ በረከት ቆጠርኩትና በሁለት አህያ አስጫንኩት። ክረምት ሲገባ ችግኙ ተከፋፈለ፤ በምእመናን ፊት ተመሰገንኩ።

ልጡን ፈልቅቆ ካሳየኝ ከጥቂት ቀን በኋላ ባለቤቴ የጫካውን አፈር ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

«ከታች ነው፣ ከወንዙ ዳር» አልኩት።

የሚቆጣ ሰው አልነበረም። የፈራሁት እሑድ ያመሰገኑኝ ሰዎች የሚሉትን ነው። አመነኝ። ማስታወሻው ላይ የእኛ ችግኝ ንጹሕ ነው ብሎ ጻፈ፤ ለጠየቀውም ሁሉ በአፉ ይህንኑ አረጋገጠ።

ካለፈ በአራተኛው ዓመት፣ እኔ ያፈላኋቸው ችግኞች በተተከሉበት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ትልቁ ዝግባ ከጫፉ ቢጫ ይሆን ጀመር። ከአምልኮ ስንወጣ አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ብርብርሳውም ለኦቦ እያዘነ ነው» አሉኝ። ዝግባን በአገሩ ስም ብርብርሳ ነው የሚሉት፤ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ የሚሉት ደግሞ ባለቤቴን ነው። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ሄጄ ግርጌውን ፋቅሁት። ነጩ ነገር አለ። የእኔን ችግኞች አንድ በአንድ ሳብኳቸው፤ ሁለቱ ሥር እንደሌለው ነገር መዘዝ ብለው ወጡ።

የቆጨኝ ባለቤቴ ሳያውቅ መሞቱ ብቻ አይደለም። ሰዎች አሁንም ዘሩን ከግቢው ዛፎች ሥር ለቅመው፣ አፈሩንም ጨምረው ይወስዳሉ፤ ለምን ሲባሉ፣ ኦቦ ንጹሕ ነው ብሎናል ይላሉ። የእኔ ውሸት የእርሱ ቃል ሆኖ ቀርቷል።

በሚቀጥለው እሑድ በምስክርነት ሰዓት ተነሣሁ። በዚያ ሰዓት ሰው የሚቆመው ለተደረገለት ሊያመሰግን ነው፤ ገና አፌን ሳልከፍት አሜን ያሉ ነበሩ። አፈሩን ከየት እንዳመጣሁ፣ ምን ብዬ እንደዋሸሁ ተናገርኩ። ማንም አሜን አላለም። አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቁኝ።

አሮጊቷ ከተቀመጡበት፣ «ኦቦ ያውቅ ነበር?» አሉ።

«አያውቅም።»

«እንግዲያው በየቤቱ ሄደሽ እሱን አጽጂው። እዚህ የሌለ ሰው ብዙ ነው።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ችግኝ የወሰዱ ሰዎች ቤት እሄዳለሁ፤ አፈሩን ከየት እንዳመጣሁት እነግራቸዋለሁ፤ ሲፈቅዱልኝም ዛፉን ከነሥሩ ነቅለን እናቃጥላለን።