የቦቴው ደብዳቤ

የበደለችኝ አብሮ አደጌ ናት። የበደለችኝም ሰመራ ገና ከጠጠርና ከቆርቆሮ ባልዘለለችበት ዘመን፣ ሁለታችንም ውሃ በቦቴ ለሚያድል አንድ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች ሳለን ነው። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አስቀድሜ የምነግርሽ ኋላ "ማንን ነው የምትወቅሺው?" እንዳትዪኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚህ አዋሽ፣ ባንክ ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ ከመስኮቱ ጀርባ አንድ አሮጌ ማተሚያ ጮኸ። ያ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጆሮዋን ያዘች። እኔን ግን ናፍጣ ሸተተኝ፤ ከንፈሬ ላይ አቧራ ቀመስኩ። ተራዬ ሲጠራ አልሰማሁም።

ሁለታችንም የባቡር ጣቢያ ግቢ ልጆች ነን። የሷ አባት ቲኬት ቆራጭ፣ የኔ አባት ሐዲድ ጠጋኝ። እኛ ሙስሊም፣ እነሱ ክርስቲያን። በረመዳን እኔ ፊት ውሃ አትጠጣም ነበር፤ በጾማቸው ደግሞ እናቴ ለሷ ብላ ወጡን ያለ ቅቤ ትሠራ ነበር። ባቡሩ መምጣቱን እየተወ ሲሄድ ግቢው ሥራ ፈታ። አብረን ታይፕ ተማርን። ሰመራ ቅጥር ወጣ ሲባልም በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ተጣብቀን ሄድን፤ አንድ ክፍል ተከራየን። ያ አገር ሲመሽ ቤት ውስጥ አያስተኛም፤ አልጋ ደጅ ይወጣል፣ አንሶላ ውሃ ይነከራል። ስትተኛ የምትተነፍስበትን ልክ እንኳ የማውቅ ሰው ነበርኩ።

ሥራችን ደብዳቤ ነበር። አንድ ቦቴ ውሃ ጭኖ ለመውጣት ሦስት ደብዳቤ ይፈልጋል፤ አንዱ ለነዳጅ ማደያው፣ አንዱ ለኬላው፣ አንዱ ውሃውን ለሚረከበው ቀበሌ። ቃሉ ሁልጊዜ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሾፌሩ ስም፣ የሰሌዳው ቁጥርና የሚሄድበት ቦታ ብቻ፤ ዛሬ ሰርዶ፣ ነገ አዳይቱ። ሾፌሮቹ በር ላይ ተኮልኩለው ይጮሁብናል።

"እህትዬ፣ ውሃው ሳይተን ጻፊልኝ እንጂ!" ይላል አንዱ።

"ዝም በል" ይለዋል ሌላው፣ "ብታናድዳት ዳሎል ብላ ትጽፍልሃለች።"

ኮምፒውተር ሲመጣልን ኃላፊያችን ጥግ አስቀምጦ ዳንቴል አለበሰው። ጄኔሬተሩ በሚሠራበት ሰዓት ዳንቴሉን አንስተን እንደ ጽሕፈት መኪና ተጠቀምንበት፤ እያንዳንዱን ደብዳቤ ከ"ጉዳዩ" እስከ "ከሰላምታ ጋር" እንደ አዲስ እየለቀምን። ያኔ አንዲት የአማርኛ ፊደል ለማውጣት ሁለት ሦስት ቁልፍ ያስነካ ነበር። ምንም አልቀለለንም።

ከማሽኑ ጋር አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መጥቶ ነበር። ማንም አልከፈተውም። እኔ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ከፈትኩት። ቀስ በቀስ ገባኝ። ደብዳቤውን አንዴ ጻፍኩና የስሙን፣ የሰሌዳውንና የቦታውን ስፍራ ክፍት ተውኩ። ሾፌሮቹን ከነመኪናቸው ለብቻ በሠንጠረዥ አስገባሁ። ከዚያ ማሽኑ ራሱ ከሠንጠረዡ እያነሳ ክፍቱን እንዲሞላ አደረግሁ። ሦስቱንም ደብዳቤ አከታትሎ የማተሙን ትእዛዝ አንድ ቁልፍ ላይ አሰርኩት። ቁልፏን ስነካ ማተሚያው ጮኸ፤ ተያያዡ ወረቀት እየተጣጠፈ መሬት ደረሰ። ጠዋቱን ሙሉ የሚፈጅብን ሥራ ሻያችን ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

"ማርያምን! ምን አድርገሽው ነው?" አለች አብሮ አደጌ።

"ሥራ አስተማርኩት" አልኳት።

አንገቴን አቀፈችኝ። የፀጉር ቅባቷ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ያኔውኑ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ጣቷን በጣቴ እየያዝኩ እያንዳንዱን ነገር አሳየኋት።

በዚያው ሰሞን አዲስ መዋቅር ይመጣል የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። "ይህን ማንም እንዳያውቅ" አልኳት። "ሥራው እንዲህ እንደሚያልቅ ካወቁ አንዳችንን ያስወጣሉ። እኔ አባቴን የምጦረው በዚህ ሥራ ነው።"

"እኔ ልናገር? ከተናገርኩ ምላሴን ይቁረጠው!" አለች።

ኃላፊያችን ሥራን የሚለካው በጆሮው ነበር። በጽሕፈት መኪና ዘመን ያረጀ ሰው ነው፤ ከግድግዳው ማዶ የቁልፍ ድምፅ ከሰማ ጸሐፊዎቹ እየሠሩ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን በጠዋት ጨርሰን ተራ በተራ ባዶ ገጽ ላይ እንቀጠቅጥ ነበር። አንዷ ስትቀጠቅጥ ሌላዋ ጫማዋን አውልቃ ማራገቢያው ሥር ትዘረጋለች። "ጎበዞች!" ይለናል ከማዶ። ሳቃችን እንዳይሰማ የሻሻችንን ጫፍ እንነክሳለን። እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ ከዚያ በኋላ የለኝም። ይህን እንኳ ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር።

ከዚያ አባቴ ታመመና አዋሽ ሄድኩ። ስመለስ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቢሮው በር ላይ ዘበኛውን አገኘኋቸው። ሽማግሌ አፋር ናቸው፤ ጄኔሬተሩን የሚያስነሱትም እሳቸው። አፋር ከመንገድ የመጣ ሰው ሲያገኝ ዳጉ ይጠያየቃል። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ሳይባባል አይተላለፍም፤ ያየውን አይደብቅም፣ ያላየውን አይጨምርም። እኔም ወጉን ለምጄው ስለነበር መንገዱን፣ ደመናውን፣ ሚሌ አጠገብ የተገለበጠውን መኪና፣ የአባቴን ማገገም ነገርኳቸው። ተራው የሳቸው ሆነ። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

"ፍየሎቹ ደህና ናቸው" አሉኝ። "ንፋሱ በርትቷል። ጓደኛሽ ኃላፊውን ማሽኑ ፊት አስቀመጠችው። እኔ ናፍጣ አልቋል ልል ገብቼ ነበር። አንድ ቁልፍ ነካች፣ ወረቀቱ ወጣ። 'ማን ሠራው?' አላት። 'እኔ' አለች። 'እንግዲያ አንድ ሰው ይበቃል' አለ። 'ይበቃል' አለች። ያየሁት ይህ ነው። የሰማሁትም ይህ ነው።"

"ሌላስ፣ አባቴ?"

"ሌላው ሰላም ነው።"

ቤት ስደርስ ሩዝ ሠርታ ጠብቃኛለች። "አባባ እንዴት ናቸው?" ብላ እጄ ላይ ውሃ አፈሰሰችልኝ። እኔ ሳልኖር ምን አዲስ ነገር ነበር ብዬ ጠየቅኋት።

"ምን ይኖራል ብለሽ? ያው ሙቀት ነው" አለች።

የአዲሱ መዋቅር የሠራተኛ ድልድል እስኪወጣ ድረስ ከጎኔ እየተኛች፣ ከእኔ ጋር እየበላች፣ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ራሷ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ኋላ ከመጣው ሁሉ ይልቅ ዛሬም የሚያበሽቀኝ ያ ዝምታዋ ነው።

ድልድሉ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከሷ ስም ትይዩ "የኮምፒውተር ባለሙያ" ይላል። ከኔ ትይዩ "ተንሳፋፊ" ይላል፤ መደብ ያጣ ሠራተኛ በዚያ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚባለው። ሾፌሮቹም ከኋላዬ ቆመው አነበቡ። "ውሃ በጠፋበት አገር ደግሞ ተንሳፋፊ!" አለ አንዱ። ማንም አልሳቀለትም፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ማተሚያው አጠገብ ያዝኳት። "እኔ ሠራሁት አልሽው?"

"አዎ" አለች፤ አልካደችም። "አንቺ ብትወጪ ሄደሽ ሌላ ቦታ ትፈጥሪዋለሽ። እኔ ብወጣስ? አንቺ ካሳየሽኝ ሌላ ከራሴ ምን አውቃለሁ?"

እውነቷን ነበር። እውነት መሆኑ ግን ምንም አላቀለለልኝም። "ታዲያ ይህንኑ ፊት ለፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አልኳት። ቀና ብላ ማራገቢያውን አየች።

ርክክብ ጠየቁኝ። ማሽኑን፣ የቢሮውን ቁልፍ፣ ዳንቴሉን ሳይቀር አስረክቤ ፈረምኩ። ዘበኛው ሻንጣዬን ተሸክመው አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ፤ መኪና እስኪመጣ አብረውኝ ፀሐይ ላይ ቆሙ። የነገሩኝ ነገር ክብደት ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

አዋሽ፣ መኪና መቆሚያው አጠገብ ጠባብ የጽሕፈት ሱቅ ከፈትኩ። ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ልምድ፤ ሁሉንም በዚያው ዘዴ፣ ክፍቱን ትቼ ማሽኑን አስሞላለሁ። አባቴን በዚያ ጦርኩ፤ በዚያው ቀበርኩ።

ሱቁን ከከፈትኩ ዓመት ሳይሞላኝ አንድ የሰመራ የቦቴ ሾፌር ሱቄ በር ላይ ቆመ። ጄኔሬተሩ ኃይል ለቆ ማሽኑን አቃጥሎታል። አዲስ ተገዝቷል፤ የደብዳቤዎቹ ሥራ ግን ከአሮጌው ጋር ጠፍቷል። እሷ ሞክራ ሞክራ እንደገና ልትሠራው አልቻለችም። እንደ ድሮው አንድ በአንድ ስትለቅም ቦቴዎቹ ውሃ እንደጫኑ ተሰልፈው ይውላሉ።

"ታለቅሳለች፣ እህትዬ" አለኝ። "ድረሽልኝ በልልኝ ብላኛለች።"

መሳቢያዬ ውስጥ ቅጂው በአንዲት ፍሎፒ ላይ ነበረኝ። ከዚያ ቢሮ ይዤው የወጣሁት እሱን ብቻ ነው። ሾፌሩን ውጭ አቁሜ ብዙ ተቀመጥኩ። አዳይቱ ላይ ጀሪካን ደርድረው የሚጠብቁት ሴቶች ግን ምን በደሉኝ? አቧራ እንዳይገባባት በፌስታል ጠቅልዬ አውጥቼ ሰጠሁት።

"ምን አለች ልበላት?"

"ምንም።"

"ሰላምታም?"

"ምንም አልኩህ እኮ።"

መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ሱቄን ቆለፍኩና ምሳዬን ልበላ ገባሁ።