ነጯ ጭልፊት ስትመጣ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ተሻጋሪ ወፎች በሚቆጠሩበት ጣቢያ የምትሠራው ሴትዮም አልረሳችም። ነፋስ ሲበረታ የወፍ መያዣ መረቦቹን ትጠቀልላለች፤ የአጉሊ መነጽሩ ማቆሚያ እንዳይወድቅ ድንጋይ ታንጠለጥልበታለች፤ ሻሿን አገጯ ሥር ቋጥራ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ቂሟን ግን ለአንድ ቀን እንኳ አትተውም። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ሲሏት "ማን ጸለየ?" ባይ ናት።

ቂሟ ከባሏ ታናሽ ወንድም ጋር ነው። አሳድጋ፣ አስተምራ፣ እዚሁ ሥራ ያስገባችው እሷ ናት። በጣቢያው ደንብ ብርቅዬ ወፍ አየሁ የሚል ሰው ሁለተኛ ምስክር ካላመጣ እንዳላየ ይቆጠራል። አምና በዚያ ሰማይ ታይታ የማታውቅ ነጭ ጭልፊት በራሳቸው ላይ አለፈች። ሁለቱም አዩ። እሱ ግን የቡድን መሪነቱን እንደ እሷው ይመኝ ስለነበር የጣቢያው ኃላፊ ፊት ቀርቦ ምንም እንዳላየ ተናገረ። ቦታውን እሱ ወሰደ፤ ለእሷ "ህልመኛዋ" የሚል ቅጽል ስም ተረፋት። ያጎረሰ እጅ የሚነከሰው እንዲህ ነው እንግዲህ!

ዛሬ ነፋሱ ጣሪያ ይነቅላል። ወፎቹ ዝቅ ብለው እየታገሉ ያልፋሉ። ድንገት የአምናዋ ዓይነት ነጭ ጭልፊት ከኮረብታው ጀርባ ብቅ አለች።

"እትዬ! አየሻት?" አለ ከጎኗ የቆመው የባሏ ወንድም።

አየቻት። ክንፏ ጫፍ ላይ ያለውን ከሰል የመሰለ ጥቁር ጭረት ሳይቀር አየች።

እሱ ወደ ቢሮ ሮጠ፤ እሷ ቀስ ብላ ተከተለችው። ኃላፊው የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ። አዎ ካለች የአምናዋም እውነት ትሆናለች፤ ህልመኛ መባሉም ያበቃል። ግን እሱም ይመሰገናል።

"እኔ አላየሁም" አለች።

"እትዬ፣ በሞቴ! አብረን አልነበር የቆምነው?"

"መቆሙንስ ቆመናል። ማየቱን ግን አላየሁም።"

"ህልም ይጋባል እንዴ?" አለ ኃላፊው። ቢሮው በሳቅ ሞላ። የዋርሳዋ ፊት አመድ መሰለ፤ የእሷ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

የተፈታ መረብ ልታስር ወጣች። ጭልፊቷ አልሄደችም። ነፋሱ አላሳልፍ ብሏት ከጣሪያው በላይ አንድ ቦታ ክንፏን ታርገበግባለች። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ብትጣራ ሁሉም ወጥቶ ያያል፤ ስሟ ይጸዳል። አፏን ከፈተች። በመስኮቱ በኩል አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ዋርሳዋን አየች። አፏን መልሳ ዘጋችና ገባች።

"ውጭ ምን አለ?" አላት ኃላፊው።

"ነፋስ ነው" ብላ በሩን ቀረቀረች።