ዳሽቦርድ ሥር የገቡት ሰውዬ

ጎማዬን ለማስለጠፍ ጋራዥ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ሽማግሌ የአሮጌ ፒካፓቸውን ዳሽቦርድ ገነጣጥለው፣ እግራቸውን ውጭ ትተው ወደ ውስጥ ገብተዋል። ውሃ የሚያፈሰውን የጋቢና ማሞቂያ ራዲያተር ሊቀይሩ ነው። ሸሚዛቸው በወግ ተተኩሷል፤ ብሎኖቹን ባርኔጣቸው ውስጥ አጠራቅመዋል።

«ይሄን እዚህ የደበቀው መሐንዲስ፣ ከሚስቱ ገንዘብ ሲደብቅ የኖረ መሆን አለበት!» አሉ ከውስጥ።

ባለጋራዡ ሳቀ። «ጋሼ፣ መኪናው ራሱ ቢሸጥ እኮ የማሞቂያውን ዋጋ አያወጣም! ካፖርት ቢደርቡ አይሻልም?»

«እኔማ ምን ቸገረኝ! አማቴ ናቸው የሚበርዳቸው። ሐኪም ቤት ስወስዳቸው ውሃው እግራቸው ላይ ይንጠባጠባል። ‹ትነዳለህ ወይስ እግሬን ታጥባለህ?› እያሉ መንገዱን ሙሉ ይሰድቡኛል።»

«ባለቤትዎ አይወስዷቸውም?»

ሽማግሌው ብቅ አሉ። «እሷማ ትታኝ ከሄደች ስድስት ዓመቷ። ልጃቸው ፈታችኝ እንጂ እሳቸው መች ፈቱኝ!»

ጎማዬ ተለጥፎ አለቀ፤ እኔ ግን አልሄድኩም። ሰውዬው አዲሱን ገጥመው ዳሽቦርዱን መለሱ። ሁለት ብሎን ተረፋቸው፤ ደንታም አልሰጣቸው። ሞተሩን አስነሥተው በተሳፋሪው በር ዞረው ገቡና፣ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወደ ሙቀቱ ዘረጉ።

«አሁን ደግሞ ‹ልትጠብሰኝ ነው?› ይሉኛል» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።