የላም ጄላቲን

አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ሕንጻዎች ገና በመሠራት ላይ በነበሩበት ጊዜ፣ አንድ ላብራቶሪ በረዳትነት ተቀጠርኩ። ሥራውን ወደድኩት። ፖሊመር የሚሉትን ከፋብሪካ የመጣ ሰው ሠራሽ ቁስ ከፕሮቲን ጋር አዋህደን፣ መብራት እያበራንበት ወደ ጄል እናረጋዋለን። ፖሊመሩ ጠንካራ ነው፤ ግን ለሰውነት ሴሎች ባዳ ነው፣ አጠገቡ ዝር አይሉም። ፕሮቲን ሲገባበት ቤታቸው ያህል ይደላደሉበታል። አለቃዬ ጸጉሯ የሸበተ ኬሚስት ናት፤ “አንድ ቀን ያለቀ የጉልበት መገጣጠሚያ እንጠግንበታለን” ትል ነበር፣ እኔም አምናታለሁ።

ፕሮቲኑ ጄላቲን ነው። በሁለተኛው ወር አለቀና አዲስ ላዝዝ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳነብ ክው አልኩ። ከአሳማ ቆዳ! ሙስሊሟ እኔ ያን ሁሉ ቀን በማንኪያ እየዛቅኩ ስመዝነው ኖሬያለሁ። ለአለቃዬ መንገር ነበረብኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። “ገና ሳትለምድ ይሄን አልነካም አለች” ብትለኝስ? ድምፄን አጥፍቼ ከላም ቆዳ የተሠራውን አዘዝኩ፣ ሲመጣም አሮጌው ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ጄላቲን ያው ጄላቲን ነው ብዬ ደብተሩ ላይ የድሮውን ስም ጻፍኩ።

ያው አልነበረም። ጄሉ አልረጋ አለ፤ እንደ አጥሚት ይፈሳል። አለቃዬ መብራቱ ደክሞ ነው ብላ አምፖል ቀየረች። ደግሞ ውሃውን ጠረጠረች። ቅዳሜዋን ሳይቀር መጥታ መብራቱን ስትፈታና ስትገጥም፣ እኔ ጎን ቆሜ ብሎን አቀብላታለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ።

እሁድ ለእናቴ ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ሰማችኝና፣

“እና ልትበይው ነበር እንዴ?” አለች።

“ኧረ እማዬ!”

“እጅሽን ደህና አድርገሽ ትታጠቢያለሽ፣ አበቃ። ውሸቱ ነው በሳሙና የማይለቀው።”

ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁና አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ያባረረችኝ ያህል ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንግቤ ነበር። ፊቷ ቀላ።

“ሁለት ሳምንት ሙሉ አምፖሉን ስሰድብ!” አለች። “ስለ አሳማው በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ፣ በዚያው ቀን የላሙን አዝዝልሽ ነበር።”

ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የአሳማው በአሲድ ነው የሚዘጋጀው፣ የላሙ በኖራ፤ ለዚህ ነው ከፖሊመራችን ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ የሌላቸው። መጠኑን እያስተካከልን በላሙ እንደገና ሠራን። በሳምንቱ መጨረሻ ጄሉ ረጋ፤ በማይክሮስኮፕ ሳይ ሴሎቹ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እልል ማለት አምሮኝ ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን፣ በዚያው ሰኞ፣ ደብተሩን ከነእስክሪብቶው ወደ እኔ ገፋችው። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን በላሙ እንደሠራሁ፣ ማን ጠርሙሱን እንደገለበጠ፣ ማን ስሙን እንደዋሸ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ሙሉ ገጽ ሆነ። ደብተሩን መልሳ ተቀበለችኝና፣ ምስክር በሚፈርምበት ቦታ ላይ ልትፈርም እስክሪብቶውን አነሳች።

“አንብቢው እንጂ መጀመሪያ” አልኳት።

“አንቺ ጽፈሽው የለ?” ብላ፣ ሳታነብ ፈረመች።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።