ካርድ ሳይኖረኝ ወደ ደባርቅ

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጃናሞራ የተነሳሁት ኳስ ለማየት ነው። ይህን ስነግረው የጭነት መኪናው ሾፌር የጋቢናውን በር እንደያዘ ቆሞ፣ "መምህርት አይደለሽም እንዴ?" አለኝ። መምህርት ነኝ፤ ጃናሞራ ሳስተምር አምስት ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ግን ዳባት ነው። የዳባትን ቡድን መደገፍ የጀመርኩት አባቴ ትከሻ ላይ ተቀምጬ ሜዳውን በማይበት ዕድሜ ነው።

የዚያን ቀን ቡድናችን የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ደባርቅ ላይ ከደባርቅ ጋር ያደርጋል። ካላሸነፈ ይወርዳል፤ ከወረደ ደግሞ ይበተናል እየተባለ ይወራል። ሳምንቱን ሙሉ ጠመኔ ይዤ ስቁነጠነጥ ነው የከረምኩት።

የዓመት ካርድ ኖሮኝ አያውቅም። ካርድ ያለው ሰው በሜዳ ቦታ፣ በጉዞም የአውቶቡስ ወንበር ይያዝለታል። እኔ በዓመት ከሦስትና ከአራት ጨዋታ በላይ ስለማልደርስ አልገዛሁም። የደጋፊዎቹን ዝርዝር የምትይዘው የልጅነት ጓደኛዬ ባንቺአየሁ አንድ ቀን በስልክ፣ "ካርድ የሌለው ደጋፊ እንግዳ ነው" አለችኝ። እኔም ስልኩን ዘጋሁባት። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ዳገቱን ጨርሰን ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል የበዛበት ከፍታ ላይ ስንደርስ መንገዱ በናዳ ተዘግቶ አገኘነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ድንጋዩን በእጁ ያንከባልል ጀመር። እኔም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁበት። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ሣር እየነጩ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ከእኛ ምንም ሳይርቁ ተቀምጠዋል። ከአንድ ድንጋይ ወደ ሌላው ስሸጋገር ሰዓቴን አያለሁ። ጨዋታው የሚጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ጋቢና አብረውኝ የተሳፈሩት መምሬ አስማረ ለዘመድ ተዝካር ወደ ደባርቅ የሚወርዱ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። "ልጄ፣ ሰዓቱን ብታዪው አይቆምልሽም" አሉኝና ከኪሳቸው ቆሎ ዘገኑልኝ። መቆርጠሙ እንኳ አላስቻለኝም። መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ።

ቡይት ራስ፣ ስምንት ሰዓት

ቡይት ራስ ስንደርስ ሾፌሩ የጫነው ገብስ የሚራገፍበት ስፍራ እንደሆነ ነገረን።

"ስንት ደቂቃ?" አልኩት።

"ደቂቃ አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ሳይፈጅ አይቀርም።"

መውረጃ አቋራጩን የሚያውቁት መምሬ ዱላቸውን አነሱ፤ ተከተልኳቸው። ቁልቁለቱን በገብስ ማሳዎች መካከል ስንወርድ እኔ እቀድማለሁ፤ ከዚያ አፍሬ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ።

"ተጫዋቾቹ ያውቁሻል?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"አያውቁኝም፣ መምሬ።"

"ከመካከላቸው ዘመድ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ቢሸነፉስ ምን ትሆኛለሽ?"

"አለቅሳለሁ።"

"ይሁን እንግዲህ። እኔም በማላውቀው ሰው ፍትሐት ላይ ቆሜ ስንቴ አልቅሻለሁ" አሉኝ። የከተማው መግቢያ ላይ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ተለያየን። እኔ ከዚያ በኋላ በሩጫ ነበርኩ።

ሜዳው

አሥር ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ደባርቅ አንድ ለዜሮ ይመራል። በር ላይ የቆመው አስተናባሪ ለእንግዳ ደጋፊዎች የተለየው ቦታ ባለካርዶችን ብቻ እንደሚያስገባ ነገረኝ። ከአጥሩ ወዲያ ባንቺአየሁ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች። አየችኝ። ወደ ዝርዝሩ አቀረቀረች፤ መልሳ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። የለሁበትም።

ከሜዳው ጀርባ ያለውን ጉብታ ወጥቼ ከደባርቅ ሰዎች ጋር ተቀላቀልኩ። አንዲት ሴት ድንጋይ ካብ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። አፌን ይዤ፣ ጥፍሬን እየበላሁ አየሁ። ጥቂት እንደቆየን ጉም ከተራራው ወርዶ መጀመሪያ የወዲያውን ግብ፣ ቀጥሎ ሜዳውን በሙሉ ዋጠው። ዳኛው ጨዋታውን አላቆመም። የኳሱ ድምፅና የተጫዋቾቹ ጩኸት ብቻ ይሰማል።

በዚህ መካከል ከእኛ ወገን በኩል ጩኸት ፈነዳ። ያንን ድምፅ የትም ቢሆን አውቀዋለሁ። ከካቡ ላይ ዘልዬ እኔም ጮህኩ። በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ ዞረው ያዩኛል።

"ዳባት ነሽ እንዴ?" አለችኝ ቦታ የሰጠችኝ ሴት።

"ነኝ።"

"እና እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እዚያ አላስገቡኝም።"

ሳቀች፤ ነጠላዬንም ጎትታ መልሳ አስቀመጠችኝ። የቀሩትን ደቂቃዎች ማሸነፊያውን ግብ በጆሮዬ ስጠብቅ ቆየሁ። አልመጣም። ፊሽካው ተነፋ፤ አንድ አቻ። ከሊጉ ወረድን።

ወደ ዳባት

የደጋፊዎቹ አውቶቡስ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ወደ ሚኒባስ መናኸሪያው አቀናሁ። ከኋላዬ፣ "ትርንጎ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባንቺአየሁ ከአውቶቡሱ ወርዳለች።

"ወንበርሽስ?" አልኳት።

"አውቶቡሱ ውስጥ የሚናገር ሰው የለም፤ እኔ ደግሞ ማውራት እፈልጋለሁ" አለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ተጣብበን ተቀምጠን ግቡ እንዴት እንደገባ ጠየቅኳት። "እኔም አላየሁትም፤ ከፊቴ ያለው ሰው ሲዘል ዘለልኩ" አለችኝ። ያኔ ነው ሁለታችንም ያለቀስነው። ስለ ስልኩ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

እሑድ ማለዳ ወደ ጃናሞራ መመለስ ነበረብኝ። እግሬ ግን ከባንቺአየሁ ጋር ወደ ዳባት ሜዳ ወሰደኝ። ሰባት ተጫዋቾችና አሠልጣኙ መጥተዋል። ቡድኑ ስለመቀጠሉ ማንም እርግጠኛ አይደለም። አሠልጣኙ ግን፣ "ተሰለፉ" ብሎ ፊሽካውን ነፋ። ሰው ስላነሰ አሠልጣኙ የሚቀጥለውን የልምምድ ቀን ነግሮ እስኪያሰናብት ድረስ እኔና ባንቺአየሁ ከግቡ ጀርባ ቆመን ኳስ ስንመልስ አረፈድን። መኪናው አመለጠኝ።

ሰኞ ወደ ማታ ጃናሞራ ገባሁ። በመንገዱ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ተረዳሁ፦ ደጋፊ መሆኔን ሌላ ሰው እንዲያምንልኝ ስፈልግ ብዙ ዓመት ባክኛለሁ፤ ጉብታው ላይ ስጮህ ግን ማንንም አላስፈቀድኩም። የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር በራፉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የቀረሁበትን ምክንያት ሳልሸሽግ ነገርኩት። ተቆጣኝ፤ የሚገባኝ ነበር። ሊሄድ ከዞረ በኋላ፣ "ለመሆኑ አሸነፋችሁ?" አለኝ።

"ወረድን።"

"እንግዲያውስ አበቃ በይኛ።"

"ኧረ የለም" አልኩት። "ሐሙስ ልምምድ አለን።"