አልፈራሁም፤ ዓይኔ ነው

ስለ ስደቱ የጻፈ ሰው ሁሉ ከቤቱ የወጣው በጨለማ ነው። እኔ ከነገሌ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ቆሞ እያየኝ። ሌሊት ለመውጣት ተዘጋጅቼ ነበር እኮ! አይሱዙው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሳል ተብሎ፣ እማን አቅፌ፣ አልቅሼ፣ ተመርቄ ጨረስኩ። ከዚያ ጎማው ፈነዳና እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ቆምን። በዚህ መሀል ሦስት ጊዜ ተሰናበትኩ። በሦስተኛው እማ ራሷ ዕንባዋ አልቆ «አሁንስ ሂጂ በቃ!» አለችኝ።

የምሄደው ናይሮቢ፣ እትዬ ጸዳለ ጋ ነው። የአባቴ እህት ናት። ነገሌ ተወልዳ ያደገች፣ ቦረንኛውን ከእናቴ እኩል የምታቀላጥፍ፣ አሁን ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የምትሸጥ። ልጅ ስለሌላት «መቅደስን ላኩልኝ፣ ላስተምራት» እያለች አባቴን ሁለት ዓመት ለምናዋለች። ያቤሎ አደርን፣ ሜጋ ሻይ ጠጣን፣ ሞያሌ ደረስን። የኬንያው ፖሊስ ወረቀቴን አገላብጦ «ለምን ትሄጃለሽ?» አለኝ።

«ለመማር።»

«እኛም ተምረን ነበር» አለና ላቡን ጠርጎ ማህተሙን መታልኝ።

ናይሮቢ ብርድ ነው። ነገሌ ያላችሁ፣ በሰኔ ሹራብ ደርባችሁ ፀሐይ ስትፈልጉ ራሳችሁን አስቡት! ወተቱ በላስቲክ ታሽጎ ይሸጣል፤ የእኛ ወተት ዕቃው ሲታጠን የሚያመጣው የእንጨት ሽታ የለውም። ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አለ፤ መሀሉ ላይ ቅቤ የተረሳበት ገንፎ ነው። ሰላምታውማ! እኛ «አካም? ናጋ?» ብለን ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀን አንጨርስም። እዚህ «ሳሳ?» «ፖዋ!» ነው፤ ቀና ስትሉ ሰውዬው መንገድ ተሻግሯል።

በሁለተኛው ዓመት ብርዱ ጠፋብኝ። ሰው ሁሉ ጃኬት ለብሶ እኔ ላቤ ይንጠፈጠፋል። አገሩን ለመድኩ ብዬ ኮራሁ። የሦስት ሰው ምግብ እበላለሁ፣ ቀሚሴ ግን ይሰፋኛል። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ደብተሬን ያየ በአይሱዙ ላይ ቁጭ ብዬ የጻፍኩት ይመስለዋል። ቀጥሎ ዓይኔ መጣ። መጣ ስላችሁ የምር ወደ ፊት መጣ! ከጥቁሩ በላይ ነጩ ይታያል፣ አቧራ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ስተኛም አይከደንም። እትዬ ጸዳለ ንጋት ላይ ቡና ልታፈላ ተነስታ «ነቅተሻል?» ትለኛለች፣ አልመልስም፤ አንድ ቀን ጀበናውን ጥላ ጮኸች።

በመጀመሪያ ዓይኔ ጠቅሞናል፣ አልዋሽም። አከራያችን ምዜ ካማው ውኃችን ከተቋረጠ ሦስት ሳምንት አልፎት «ነገ፣ ነገ» ይለናል። አንድ ቀን ሲያንኳኳ በሩን ከፈትኩና አየሁት። ምን ላድርግ፣ ሌላ አስተያየት የለኝም!

«እሺ፣ እሺ፣ ምን አልኩ!» ብሎ ወደ ኋላው ሄደ። በማግሥቱ የቧንቧ ሠራተኛ መጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ በር የምትከፍቺው አንቺ ነሽ» አለች እትዬ።

ጣጣው የመጣው የመኖሪያ ወረቀቴን ላሳድስ የሄድኩ ቀን ነው። ሹሙ አንዴ እኔን፣ አንዴ ፎቶዬን አየ።

«ይቺ አንቺ አይደለሽም።»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«በፎቶው ላይ ያለችው እንቅልፍ የመጣባት ልጅ ናት።»

«አሁን ነቅቻለሁ።»

«ምን አይተሽ?»

«ናይሮቢን።»

ሳቀ። ግን አዲስ ፎቶ አምጪ ተባልኩ። ተነሳሁና፣ ሞኟ እኔ፣ እማ ደስ ይበላት ብዬ አዲሱን ፎቶ በአባቴ ስልክ ላክሁት።

ነገሌ ላይ ፎቶው ከቤት ቤት ዞረ። «ልጅቷ ፈርታለች» ተባለ። አንዷ ጎረቤታችን ጭራሽ «ፎቶ አንሺው በሌላ እጁ ዱላ ይዟል» ብላለች አሉ። እማ ወዲያው ደወለች።

«አዎ ወይም አይ ብቻ በይ። አጠገብሽ ናት?»

«አዎ።»

«ትመታሻለች?»

«ኧረ እማ! እትዬ ጸዳለ?»

«ስሟን አትጥሪ አላልኩሽም!»

አላለችኝም። ደግሞ በምን ቋንቋ እንንሾካሾክ? እትዬ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ስዋሂሊውንም ታውቃለች። ሁሉንም ሰማች። ሁለት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም፤ ሳይወልዱ አሳድጎ መታማት ቀላል አይደለም። እማ ግን ቆርጣለች፤ ልጄ ትመለስልኝ፣ ትምህርቱም ይቅር። ወንድሟን ላከችብን።

በእማ ወገን በቦረና የእናት ወንድም አቡያ ይባላል፤ የእህቱ ልጅ ጉዳይ የእሱ ነው፣ ቃሉ አይታጠፍም። አቡያ ዋርዮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዱብሉቅ ገበያ ከብት ሲያሻሽጡ የኖሩ ሰው ናቸው። መጡ፣ ሻዩን አልቀመሱም፣ «ወደ መስኮቱ ነይ» አሉኝ። አገጬን ቀና አደረጉ። የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገለጥ አደረጉ። የእጄን አንጓ ያዙ። ጥርሴን ያያሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«ትበላለች?»

«የሦስት ሰው!» አለች እትዬ ከጓዳ።

«ሥጋው የት ገባ ታዲያ?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?»

«ምራቅሽን ዋጪ።» ዋጥኩ። አንገቴ ላይ ያለችው እብጠት ከፍ ብላ ወረደች። እኔ እንኳ አላየኋትም ነበር! አቡያ ሳቅ አሉ። «የፈራ ከብት ዓይኑ ብቻ አይፈራም። ጆሮው ይቆማል፣ እግሩ አይረጋም። ይህቺ ግን ትስቅብኛለች። ጸዳለ፣ ገበያ ላይ ባገኛት አልገዛትም።»

«ስድብ ነው?»

«ሐኪም ያስፈልጋታል ነው የምልሽ።»

ደም ሰጥቼ ውጤቱ ሲመጣ እትዬ ሱቅ ነበረች፤ ከአቡያ ጋር ሄድን። ሐኪሟ በስዋሂሊ ትናገራለች፣ አስተርጓሚዋ እኔው ነኝ። አንገቴ ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች፤ የሰውነትን ፍጥነት የምትመራው እሷ ናት። የእኔዋ ያለ ልክ ትሠራለች። ለዚህ ነው ልቤ የሚሮጠው፣ የሚሞቀኝ፣ የምከሳው። ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ እሷን ይነካካል፤ ከዓይን ጀርባ ያለውን ሥጋና ስብም ያሳብጣል። ቦታው ሲጠብ ዓይን ወደ ፊት ይገፋል፣ ቆቡም ወደ ላይ ይሸሻል።

«የገዛ ዘበኛዋ ነው የሚደበድባት?» አሉ አቡያ። ተረጎምኩ።

«እንደዚያ በይው» አለች ሐኪሟ።

«ይባረራ!»

«አይባረርም። ዕጢዋን በኪኒን እናረጋጋለን፤ ዓመት ከመንፈቅ ሊፈጅ ይችላል። ዓይኑ ግን በራሱ ጊዜ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል። ቀለም ከደበዘዘብሽ ወይም ማየት ካቃተሽ በዚያው ቀን ነይ።»

ይህንን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተረጎምኩት። አቡያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አገሯ ብትገባስ?»

ሐኪሟ አሰበች። «ደሟ በየጊዜው የሚመረመርበት ቦታ ካገኘች ትችላለች።»

ይህንን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። «አትችልም» ብል ማን ያውቅብኛል? ትምህርቴ ይተርፋል። አቡያ አፌን እየጠበቁ ናቸው፤ እኔ ደግሞ እንደ ሰው ዓይኔን ሰበር ማድረግ እንኳ አልችልም።

«ትችላለች አለች» አልኩ።

አቡያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

«መማር እፈልጋለሁ። እማም ናፍቃኛለች።»

«ሁለት ነገር ነው የነገርሽኝ።»

«አዎ አቡያ።»

«የፈራች ልጅ አምጣ ተብዬ ነው የመጣሁት። የፈራች ልጅ አላገኘሁም» አሉና ቆባቸውን አጠለቁ። እትዬን ይቅርታ ጠየቋት፤ እሷም በሦስቱም ቋንቋ አስደገመቻቸው። ብቻቸውን ተመለሱ።

አሁን ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባት፣ ውጭ ጥቁር መነጽር ነው። ጭስ ስለሚያባብሰው ምዜ ካማው ደረጃ ላይ እንዳያጨስ ሄጄ አየሁት፤ ተወ። ወደ ላይ ስመለከት አንዱ ነገር ሁለት ይሆንብኛል፤ ከፎቅ ሲወርድ ሁለት ምዜ ካማው ይመጣብኛል፣ አንዱም ይበዛ ነበር። እጄ ግን ጸንቷል፤ ይኸው ስንት ገጽ ጻፍኩ! ግራ ዓይኔ ትንሽ ገብቷል። ቀኙ ገና ነው።

ትናንት ኔትወርኩ ተሳክቶ ከእማ ጋር ፊት ለፊት ተያየን። ስልኩን አስጠግታ መረመረችኝ። ቀጭን ናት፤ ሻሿ አዲስ ነው፣ ማን እንደገዛላት አላውቅም።

«ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ፣ በሽታው ነው እማ። ዓይን ያስነባል፤ ሐኪሟም ብላለች።»

«እሺ» አለች ፊቷን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «የአንቺስ በሽታው ነው። የእኔን ምን ይሉታል?»

ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፣ እጠይቅልሻለሁ አልኳት።