ሥርዓት አስከባሪው የጮኸ ዕለት

አምብሮስ ቲለሪ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አውቶቡስ ሲነዳ በኖረባቸው ዓመታት ከሰካራሙም ከነገረኛውም ተሳፋሪ ጋር ውሎ አንድ ነገር ተምሯል፤ ሰው ሲጮህብህ ድምፅህን ዝቅ ካደረግህ፣ እሱም ለመስማት ሲል ዝም ይላል። ጉልበቱን ሲያመው መሪውን ተወና በግዛቱ ምክር ቤት ሥርዓት አስከባሪ ሆኖ ተቀጠረ። ሰማያዊ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ይቆማል፤ ከሰገነቱ የሚያጨበጭቡ እንግዶችን «እባካችሁ» ይላል። አፈ ጉባኤው ካዘዘ ደግሞ ሥርዓት ያጓደለ ተወካይ ያስወጣል። ይህን የመጨረሻውን ግን ማንም አዞት አያውቅም ነበር።

በየካቲት ወር የመራጮች መታወቂያ ረቂቅ ሕግ ቀረበ። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያላሳየ አይመርጥም የሚል ነው። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የአምብሮስም ቤት እንደዚያው።

«ምን አለበት ታዲያ?» አለ አንድ ቀን ራት ላይ የተጠበሰ ዓሣውን እየጎረሰ። «እኔ ያለ ቲኬት ማንን አሳፍሬ አውቃለሁ?»

ሚስቱ ዊላዲን ሹካዋን አስቀመጠች። «ስለ አውቶቡስህ ማን ጠየቀህ? ኧርነስቲንስ? እህቴ ምን ልታሳይ ነው?»

«ሄዳ ታወጣለቻ።»

«ታወጣለች! ለአፍ እኮ ይቀላል።»

ኧርነስቲን የዊላዲን ታላቅ እህት ናት። በሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ያረጀች፣ መኪና ነድታ የማታውቅ፣ ምርጫ ግን አምልጧት የማያውቅ ሴት። እስከዚያ ድረስ ስሟን ተናግራ፣ ፈርማ ነበር የምትመርጠው።

ክርክሩ የተካሄደ ዕለት ሰገነቱ ጢም ብሎ ሞላ። የረቂቁ ባለቤት ሃርላን ክራውች፣ በገጠር መድኃኒት ቤት ያለው፣ በየገናው ለአምብሮስ ከጓሮው ዛፍ የለቀመውን ፍሬ የሚያመጣለት ሰው ነው። ዋናዋ ተቃዋሚ ኮርዲሊያ ባስኪን ደግሞ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ጉልበቱ እንዴት እንዳደረ ሳትጠይቀው በበሩ አታልፍም። አምብሮስ ሁለቱንም ይወዳቸዋል።

ክራውች ተነሳ። «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እስከ ሰኔ ድረስ ጊዜ ተሰጥቶት አንዲት ካርድ ማውጣት ያቃተው ሰው፣ ከሶፋው መነሳት ያልፈለገ ሰነፍ ነው። ሰነፍ ባይመርጥ ደግሞ አገር አይጎዳም።»

«ውሸታም!» ባስኪን ካለችበት ብድግ አለች። «ዐይን አውጣ ውሸታም! እናትህንም ሰነፍ በላታ! እሷስ ከአልጋዋ ተነስታ ካርድ ልታወጣ ነው?»

የክራውች እናት ከተቀበረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር።

ክራውች ወንበሩን ገፍቶ ወደ እሷ ዞረ፤ ፊቱ ደም መስሏል። «አፍሽን ዝጊ! አፍሽን ዝጊ ነው የምልሽ!»

አፈ ጉባኤው መዶሻውን ደበደበ። «ሥርዓት! ሥርዓት ይከበር! ሥርዓት አስከባሪ፣ የተከበሩ ባስኪንን ያስወጡልኝ!»

«እሱስ?» የሚል ጩኸት ከባስኪን ወገን ተነሳ። «እሱንስ ማን ያስወጣው?»

አምብሮስ በወንበሮቹ መሃል አልፎ ሄደ። አጠገቧ ደርሶ ጎንበስ አለ። «ወይዘሮ ባስኪን፣ እስቲ ከኔ ጋር ወጣ ብለው ትንሽ አየር ይቀበሉ።»

«አንተም፣ ሚስተር ቲለሪ?»

«ሥራዬ ሆኖ ነው፣ እመቤቴ።»

ክንዱን ዘረጋላት፤ ያዘችው። አብረው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ካስቀመጣት በኋላ ስለ ክራውች እናት ነገራት። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አምላኬን! አላወቅሁም። ያን ሰሞን ለቀዶ ሕክምና ተኝቼ ነበር፤ ማን ነግሮኝ!»

ዕረፍት ሲሆን ክራውች ወጣ። አምብሮስ ምን ሊመጣ ነው ብሎ በሁለቱ መካከል ቆመ። ባስኪን ግን እሱን አልፋ ተናገረች።

«ስለ እናትህ ይቅርታ አድርግልኝ። ነፍሳቸውን ይማር፤ አልሰማሁም ነበር። ስለ ሕጉ ካልኩት ግን አንዲት ቃል አላነሳም።»

«እኔም አላነሳም» አለ ክራውች። ኮፍያውን በእጁ አዞረ። «አፍሽን ዝጊ ያልኩሽን ግን እናቴ ብትሰማ ኖሮ በጥፊ ታጮለኝ ነበር።»

ተጨባበጡ። ሕጉም በዚያው ሳምንት ጸደቀ።

«ሰው እንዴት አፉን መግታት ያቅተዋል?» አለ አምብሮስ ለሚስቱ። «የተማረች ሴት!»

በሚያዝያ ኧርነስቲንን ይዞ መታወቂያ ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄደ። የአካባቢያቸው ቢሮ ተዘግቶ ስለነበር የሚነዳው ሩቅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የመኖሪያ ማስረጃ ጎድሏል ተባሉ። በሁለተኛው ማሽኑ ተበላሽቷል። በሦስተኛው ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ መስኮቱ ጋ ደረሱ፤ ጸሐፊዋ ልጅ ግን የልደት ምስክር ወረቀቱን አይታ ግራ ተጋባች።

«እዚህ ላይ ኧርነስት ነው የሚለው። ጾታ፣ ወንድ።»

«ይገርማል!» አለች ኧርነስቲን። «ሁለት ባል ቀብሬያለሁ፤ አንዳቸውም አልነገሩኝም።»

ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጠች። «ይቅርታ እናቴ፣ በፍርድ ቤት ታርሞ ካልመጣ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

ከኋላቸው የተሰለፈ አንድ ሰው ሰዓቱን አየና አጉረመረመ። «ሳይዘጋጁ ምን ያመጣቸዋል? ስንፍና እኮ ነው።»

አምብሮስ ዞረ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ ራሱም አላወቀም፤ ባንኮኒው በጡጫው ሲነረት ሰማ፣ ድምፁም የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

«ሰነፍ? ማነው ሰነፍ? ይህች ሴት የአገሩን በሽተኛ አንሶላ ስታጥብ ጣቶቿ ተጣመዋል! ሦስተኛ ጊዜያችን ነው! ድገመውና ልይህ፣ አንተ ባለጌ! ድገመው!»

ቢሮው በሙሉ ዞሮ አየው። አንድ ወጣት ጥበቃ መጥቶ ክንዱን ያዘ። «አባት፣ እባክዎ ወደ ውጭ።»

«አልወጣም!»

«አባት፣ ፖሊስ አያስጠሩኝ።»

ወጣ። መኪናው ላይ ተደግፎ ቆመ። ኧርነስቲን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተከትላው ስትመጣ ከሳቋ ብዛት እንባዋ ይወርዳል።

«አምብሮስ ቲለሪ! አንተን! ኧረ ለዊላዲን የምነግራት እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይቀድመኝ!»

መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ እሱንም ሳቅ አሸነፈው። ሲበርድለት ጥበቃውን አስፈቅዶ ተመለሰና ጸሐፊዋን ይቅርታ ጠየቃት። ሕጉን ያወጣችው እሷ አይደለችም። ልጅቷም እንዲህ ያለውን ጉዳይ በነፃ የሚይዙ ጠበቆች ያሉበትን ነገረችው።

ሰኞ ዕለት የባስኪንን ቢሮ አንኳኳ።

«እመቤቴ፣ ያን ዕለት እርስዎን ማስወጣቴ ትክክል ነበር» አለ። «በልቤ የታዘብኩዎት ግን ትክክል አልነበረም። አፍን መግታት ቀላል መስሎኝ ነበር።» የደረሰበትንም ሁሉ አጫወታት።

«ማን አስወጣህ ታዲያ?»

«አንድ ለጋ ወጣት። ክንድ አጥብቆ ይይዛል፤ ገና ሥራውን አልለመደም።»

ባስኪን በሳቅ ፍርስ አለች። አምብሮስ ለክራውችም በሩ ላይ ሲያገኘው ያንኑ ነገረው። ክራውች ሳይስቅ አዳመጠው። «ሕጉን ስጽፍ እንዲህ ያለ ሰው በሐሳቤ አልመጣልኝም ነበር» አለ። ሕጉን አልተወም፤ በሚቀጥለው ጉባኤ ግን ለአዛውንቶች ሠራተኛው እቤታቸው ድረስ ሄዶ ካርድ እንዲሰጥ ማሻሻያ አቀረበ። ባስኪን ለብቻው አይበቃም ብላ ስትሞግተው ውላ በመጨረሻ ደገፈችው። አምብሮስም ለጠየቀው ሁሉ፣ ካርድ መጠየቁ አይከፋኝም፣ የሚጠይቅ ግን ማዳረስም አለበት ይል ጀመር።

ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን እስኪያርም የሰኔው የከንቲባ ምርጫ አለፈ። ኧርነስቲን የእሑድ ልብሷን ለብሳ፣ ኮፍያዋን አድርጋ፣ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ያን ቀን ማንም ደፍሮ አልቀለደባትም።

በኅዳር ግን ካርዷ ደርሶ ነበር። አምብሮስ ወደ ምርጫ ጣቢያው ወሰዳትና ከጎኗ ቆመ። መዝገቡን የያዘችው ሴት ቀና ብላ ስታያት ፈገግ አለች።

«ኧርነስቲን! አንቺንማ እኔ ሳላውቅሽ ነው? እለፊ በይ።»

«አይሆንም» አለች ኧርነስቲን፣ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በጣቷ እየገፋችላት። «ደህና አድርገሽ እዪልኝ፤ ስንት ደክሜበታለሁ።»